ከአባዬ እግር የተወሰደችው ደም ሥር

የገና ማግስት ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዶቹ ሄደዋል፣ ዕቃው ገና ታጥቦ አላለቀም። ቤታችን ቨርጂኒያ ነው። አባዬ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ደረቱን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም። ጾም ፍቺ አይደል? ሆዴ ቅባቱን አልቻለውም» አለኝ። አመንኩት። አርባ ሦስት ቀን ሽሮና ጎመን ሲበላ የከረመ ሰው በአንድ ቀን ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና አይብ ሲገባበት ሆዱ ቢታወክ ማን ይገርመዋል?

እማዬ ጦስኝ አፈላችለት። ጠጣ፣ አልተሻለውም። «ብርድም ሳይመታኝ አልቀረም» ብሎ ጋቢ ደረበ። ትከሻዬ ከበደኝ ሲል እማዬ ቅባት ቀብታ አሸችው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ግንባሩ ላይ ላብ ሳይ ነው የደነገጥኩት። ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ወዲያው 911 ደወልኩ።

ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ። አባዬ ባይፓስ የሚባለው የልብ ቀዶ ሕክምና የተሠራለት ሰው ነው። ከዚያ ቀን 13 ዓመት ቀደም ብሎ ባንኮክ ሄዶ ነው የተሠራለት። ያኔ ከአዲስ አበባ አቅም ያለው ወይም ዘመድ የሚያዋጣለት የልብ ሕመምተኛ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ ነበር የሚሄደው፣ እኛም ዘመድ አዋጥቶልን ነው የላክነው። እኛ ቤት ባይፓስ ማለት ያለቀ ነገር ነበር። ታመመ፣ ታከመ፣ ዳነ፣ ተመስገን ተባለ፣ ዝክር ተዘከረ። የተሰፋችው ደም ሥር ራሷ ቆይታ ልትዘጋ እንደምትችል የነገረን ሰው ቢኖር እንኳ አልሰማነውም። በየቤቱ እንደ አባዬ ያለ አባት ወይም አጎት እንዳለ አውቃለሁ። ለእነሱ ልጆች ነው የምጽፈው።

አምቡላንሱ ውስጥ አስፕሪን እንዲያኝክ ሰጡት፣ ደረቱ ላይ ገመድ ለጥፈው ኢሲጂ፣ የልብ ምት ምርመራ፣ አነሱት። ውጤቱ ከእኛ ቀድሞ ሆስፒታል ደረሰ። ሃርት አታክ ነው። የታችኛው የልብ ክፍል ደም አጥቷል። የታችኛው የልብ ክፍል ሆድን ከደረት በሚለየው ጡንቻ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ሕመሙ ብዙ ጊዜ እንደ ጨጓራ ሕመም ነው የሚሰማው፣ ማቅለሽለሽም አለው። አባዬ አልዋሸኝም። ሆዴ ነው ያለው እውነትም ሆዱ አካባቢ ስለተሰማው ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ የልብ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «ስንት ግራፍት ነው ያለው? ከየት ወደ የት ነው የተሰፉት?» እኔ ምን አውቃለሁ። «ባይፓስ» ከሚለው ቃል ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም፣ ግራፍት የሚሉት ለባይፓስ የተሰፋውን ደም ሥር መሆኑን እንኳ። ቀና ብዬ እማዬን አየኋት። እሷ እንግሊዝኛው ባይገባትም ጥያቄው ገብቷታል። «ሰማያዊው ፋይል!» አለች። ባንኮክ ሲወጡ የሰጧቸውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ፋይል አድርጋ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቨርጂኒያ ይዛው መጥታ፣ አልጋ ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ወንድሜ ቤት ነበር። ደወልኩለት፣ ገጽ በገጽ በስልኩ ፎቶ እያነሳ ላከልኝ፣ ሐኪሙም እዚያው ቆሞ ስልኬ ላይ አነበበው።

ያ ወረቀት ምን እንደሠራ በኋላ ነው የተረዳሁት። ወረቀቱ ባይኖር ሐኪሙ ከልብ በሚወጣው ዋና ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የተሰፉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እያሰሰ መፈለግ ነበረበት። የተዘጋ ግራፍት ደግሞ በራጁ ላይ ስለማይታይ ለማግኘት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ሙከራ ቀለም መርጨት ይጠይቃል፣ ቀለሙ ኩላሊት ይጎዳል፣ አባዬ ስኳር አለበት። ከሁሉም በላይ ሰዓት ይበላል። ልብ ደም አጥታ በቆየች ቁጥር ጡንቻዋ ይሞታል፤ እዚህ አገር ሆስፒታሎች በሽተኛው ከበር ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በ90 ደቂቃ ውስጥ ደም ሥሩን ለመክፈት የሚሯሯጡት ለዚህ ነው።

ፋይሉ እንደሚለው ሦስት ግራፍት አለው። አንዱ ከደረቱ ውስጥ የመጣ ነው፣ ሁለቱ ከግራ እግሩ የተወሰዱ ናቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

ባይፓስ ማለት ተለዋጭ መንገድ ማለት ነው። አዲስ አበባ መንገድ ሲቆፈር «ተለዋጭ መንገድ» የሚል ሰሌዳ እንደሚተከለው። የልብ ደም ቅዳ ሲጠብ ወይም ሲዘጋ፣ የተዘጋውን ሳይነኩ ከበላዩ ወደ በታቹ ሌላ ደም ሥር ይዘረጋሉ። ከእግር በሚወሰድ ደም ሥር ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ክሊቭላንድ ውስጥ ያስፋፋው ሬኔ ፋቫሎሮ የሚባል አርጀንቲናዊ ሐኪም ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ይህ ሰው አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት 12 ዓመት ሙሉ ሐኪም በሌለበት የገጠር ከተማ ድሆችን ሲያክም የኖረ ነው። ይህን ሳነብ በጣም ወደድኩት። በ1971 ደግሞ አገሬን ላገልግል ብሎ ተመለሰ።

ከእግር የሚወሰደው ግን ደም ቅዳ አይደለም፣ ደም መልስ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ደም መልስ የተፈጠረው ዝግ ያለ ደም ወደ ልብ ለመመለስ ነው። በውስጡ ያለው ግፊት በጣም አነስተኛ ነው፣ ግድግዳውም ስስ ነው፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉ ትንንሽ በሮች አሉት፤ ቀዶ ሐኪሞች እነዚህ በሮች ደሙን እንዳያግዱ ደም ሥሩን ገልብጠው ነው የሚሰፉት። እንግዲህ ይህን ለስላሳ ነገር ወስደው 120 ግፊት ባለበት፣ ልብ በየሰከንዱ በምትመታበት ቦታ ይሰፉታል። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ወስዶ በዋናው የውሃ መሥመር ላይ እንደመቀጠል ነው። ይሠራል። ለዓመታት ይሠራል። ግን ግድግዳው እየወፈረ፣ ውስጡ እየሻከረ፣ ስብ እየተጠራቀመበት ይሄዳል። በ10 ዓመት ውስጥ ከእግር ከተወሰዱት ግማሽ ያህሉ ይዘጋሉ ወይም ክፉኛ ይታመማሉ። ከደረት የሚወሰደው ግን ራሱም ደም ቅዳ ስለሆነ ከ10 ዓመት በኋላም ከአሥሩ ዘጠኙ ክፍት ነው። የአባዬም የደረቱ ግራፍት በ13 ዓመቱ ምንም አልሆነም። እሱ ነው ያቆየልን።

የተዘጋችው ከእግር ተወስዳ ለቀኝ የልብ ደም ቅዳ የተሰፋችው ነበረች።

ወደ ማከሚያው ክፍል ከመግባቱ በፊት ሊያስፈርሙት ሲሉ አስተርጓሚ በስክሪን አመጡ። ልጅ ስታስተረጉም ትሳሳታለች ወይም ትደብቃለች ብለው ነው፣ ትክክልም ናቸው። አስተርጓሚዋ ጎበዝ ነበረች፣ ግን «ግራፍት» የሚለው ቃል አስቸገራትና «ንቅለ ተከላ የተደረገልዎት ተዘግቷል» አለችው። አባዬ ፊቱ ተለወጠ። «ልብ ሊቀይሩልኝ ነው?» አለ። «አይ አባዬ፣ ከእግርህ ወስደው የሰፉልህን ደም ሥር ነው የሚሉት።» ትንሽ ዝም አለ። «ያቺ ናት የተዘጋችው?» «አዎ፣ እሷ ናት።» «እግሬ ነው የከዳኝ በይኛ» አለኝ።

ሐኪሙ ሌዘር የሚለውን ቃል ያነሳው ያኔ ነው። «ሽቦ አሳልፌ ሁኔታውን አያለሁ፣ ብዙ የረጋ ደም ካለ ግን ፊኛ ከመንፋቴ በፊት ሌዘር ልጠቀም እችላለሁ» አለ። አባዬ «ሌዘር ያቃጥላል እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ እንደማያቃጥል፣ ብርሃን እንደሆነ፣ ሕመሙም እንደማይሰማው ነገረው። ፈረመ። እኔ ግን ውጭ ቁጭ ብዬ የምጠብቅበትን ሰዓት ሁሉ ስለ እሳት ነበር የማስበው።

እሳት እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። በኋላ ሐኪሙ ምስሉን እያሳየ ያስረዳኝንና ራሴ ያነበብኩትን አንድ ላይ አድርጌ ልንገራችሁ።

በቆየ ግራፍት ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። ለስላሳና ፈራሽ ስብ ነው፣ ላዩ ስስ ቆዳ ያለው። ሐኪሞች አቴሮማ ይሉታል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ገንፎ ነው። እውነትም ገንፎ ነው። ያ ስስ ቆዳ ሲቀደድ ገንፎው ከደም ጋር ይገናኛል፣ ደሙ በላዩ ይረጋል፣ ደም ሥሩም ከላይ እስከ ታች በረጋ ደም ይሞላል። አሁን እዚህ ውስጥ ፊኛ አስገብተህ ብትነፋ ምን ይሆናል? ገንፎው ወዴት ይሄዳል? የተወሰነው ወደ ጎን ይጠቀጠቃል፣ የተወሰነው ግን ተቆርሶ ወደ ታች ይወርድና የልብ ጡንቻ ውስጥ ያሉትን የፀጉር ያህል የቀጠኑ ደም ሥሮች ይደፍናል። ትልቁ ቧንቧ ይከፈታል፣ ደም ግን አያልፍም። ሐኪሞች በቆየ ግራፍት ውስጥ ከምንም በላይ የሚፈሩት ይህን ነው።

ለዚህ አንድ የታወቀ መከላከያ አለ። ከመዘጊያው በታች ትንሽ ፊኛ ወይም ማጣሪያ ዘርግቶ የሚወርደውን ቁራሽ መያዝ ነው። በ2002 ታትሞ የወጣው ሴፈር የተባለው ጥናት 801 ሰዎች ላይ ሞክሮት ነበር። መከላከያው ከተደረገላቸው ውስጥ በ30 ቀን ጊዜ ከባድ ችግር የገጠማቸው 9.6 በመቶ ሲሆኑ ካልተደረገላቸው ውስጥ 16.5 በመቶ ናቸው። ትልቅ ልዩነት ነው። የአባዬ መዘጊያ ግን ግራፍቱ ከልቡ ደም ቅዳ ጋር የተሰፋበት ቦታ አጠገብ ስለነበር ማጣሪያ የሚዘረጋበት ቦታ አልተገኘም። ሐኪሙ ወደ ሌዘር ያዘነበለው ለዚህ ነው።

ይህ ሌዘር ኤክሳይመር ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል። በ1981 ኒው ዮርክ ውስጥ አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ የሚሠሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ስሪኒቫሳን፣ ዋይንና ብለም፣ ይህ ዓይነት ብርሃን ፕላስቲክን ሳያቃጥል እንደሚቆርጥ ያውቁ ነበርና በሥጋ ላይስ ምን ያደርግ ይሆን ብለው አሰቡ። አንደኛው ከታንክስጊቪንግ በዓል የተረፈ የተርኪ ሥጋ ይዞ ቢሮ መጣ። ብርሃኑን ለቀቁበት። ሥጋው ጠርዙ ሳይጠቁርና ሳይከስል ንጹሕ ሆኖ ተቆረጠ። ዛሬ መነጽር ለመተው ዓይናቸውን በሌዘር የሚታከሙ ሰዎች የሚጠቀሙት ከዚያ የተነሳውን ሥራ ነው። ለልብ የሚሆነው የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ግን የብርሃኑ ሞገድ 308 ናኖሜትር ነው፣ ምክንያቱም ይህኛው በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ ተጉዞ ልብ ድረስ መድረስ ይችላል። በልብ ደም ሥር ውስጥ የተሞከረው በ1988 ሎስ አንጀለስ ሲዳርስ ሳይናይ ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት የፈቀደው ደግሞ በ1992።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሌዘሮች በእርግጥም የሚያቃጥሉ ነበሩ። ያለማቋረጥ እየበሩ ደም ሥሩን አግለው ይበሱት ነበር። እንግዲህ የአባዬ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም።

ኤክሳይመር ግን የሚበራው ብልጭ ብልጭ እያለ ነው። እያንዳንዷ ብልጭታ ከአንድ ሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ ብዙም አትበልጥም፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ25 እስከ 80 ጊዜ ትደጋገማለች። ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመት ብልጭታዋ አልቃለች። ብርሃኑ የሚገባውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይዘልም፣ የነካውን ብቻ ነው የሚያነሳው። የሞለኪውሎችን ትስስር ይበጥሳል፣ በውስጡ ያለውን ውሃ ወደ እንፋሎት ይቀይራል፣ የእንፋሎቱ አረፋ ሲነፋና ሲከስም የረጋውን ደም ይፈረካክሰዋል። የሚወጣው ብናኝ አብዛኛው ከ10 ማይክሮን ያነሰ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 8 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ብናኙ ቀጭኖቹን ደም ሥሮች ሳይደፍን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። በላብራቶሪ ደግሞ ይህ ብርሃን የደም መርጊያ ሕዋሶችን ለጊዜው አደንዝዞ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ እንደሚያደርግ ታይቷል።

አሠራሩ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ፣ አባዬም ጭምር፣ መከላከያ መነጽር አደረገ። መሣሪያው እስኪሞቅ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ከዚያ በብሽሽቱ የገባው ቀጭን ቱቦ ጫፉ መዘጊያው ላይ ሲደርስ ቀለሙን በሳላይን፣ በጨው ውሃ፣ አጥበው አስወጡት፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከቀለሙ ጋር ከተገናኘ የሚፈጠረው ምት ደም ሥሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ቱቦውን የሚገፉት በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው። ቸኩሎ የገፋ ሐኪም ብርሃኑ ሳይሠራ ቱቦውን ብቻ ነው የሚሰነቅረው፣ ፈረካክሶ ከማለፍ ይልቅ ሽብልቅ እንደመምታት ይሆናል። ጥቂት ሰከንድ ያበራሉ፣ ያርፋሉ፣ ያያሉ፣ እንደገና ያበራሉ። አባዬ ነቅቶ ነበር። «ቲክ ቲክ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ሌላ ምንም የለም» ነው ያለኝ።

ሐኪሙ በኋላ ሁለት ምስል ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። በመጀመሪያው ግራፍቷ እንደ ተቆረጠ ጅራት ሆና መሃል ላይ ትቆማለች። በሁለተኛው ከሌዘሩ በኋላ፣ ስቴንት፣ ማለትም ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዘው የሽቦ ቱቦ፣ ሳይገባ ገና፣ ቀጭን ጥቁር መሥመር እስከ ታች ወርዶ በልብ ጡንቻ ላይ እንደ ዛፍ ሥር ይበተናል። ያንን ምስል ሳይ አለቀስኩ። ከዚያ በትንሽ ፊኛ አስፍተው፣ ስቴንት አስገብተው ጨረሱ። ሌዘር ብቻውን አይበቃም፣ መንገዱን ጠርጎ ለስቴንቱ ያመቻቻል እንጂ።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቱም ስለ ሌዘር ሳወራ ሰዎች ተአምር አድርገው ይይዙታል። «እዚያ ሆስፒታል በጨረር ልብ ይጠርጋሉ አሉ» እያሉ ደውለው የጠየቁኝ አሉ። ተአምር አይደለም። በ90ዎቹ ለተራ የልብ ደም ሥር ጥበት ከፊኛ ጋር ሲወዳደር ብልጫ አላሳየም፣ ስለዚህም ብዙ ሐኪሞች ተዉት። የተመለሰው ፊኛ ብቻውን ለሚያስቸግርባቸው ቦታዎች ነው፤ በረጋ ደም ለተሞላ ግራፍት፣ ተመልሶ ለተዘጋ ስቴንት፣ ለመሳሰለው። ሃርት አታክ ይዟቸው በሌዘር ስለታከሙ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሰው ጥናት ካርሜል ይባላል፣ በ2004 የታተመ ነው። በስምንት ሆስፒታሎች 151 ሰዎች ተካተውበታል፣ ከነሱ ውስጥ የተዘጋባቸው ከእግር የተወሰደ ግራፍት የሆነው 21 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ሠላሳ ሰው ገደማ ማለት ነው። ከመቶው 91 ያህሉ ሕክምናው ተሳክቶላቸዋል። ከሁሉ በላይ የጠቀመው ብዙ የረጋ ደም የነበረባቸውን ነው። ቁራሽ ወደ ታች ወርዶ የደፈነባቸው 2 በመቶ ናቸው። ስድስት ሰዎች ሞተዋል፣ ስድስቱም ሲመጡ የደም ግፊታቸው ወድቆ ልባቸው ደም መርጨት ያቃታት ነበሩ። የደም ሥር ግድግዳ ክፉኛ የተሰነጠቀባቸውም አሉ፣ 5 በመቶ።

ውጤቱ ጥሩ ነው። ግን ያለ ሌዘር ከታከመ ሌላ ቡድን ጋር አልተነጻጸረም፣ ስለዚህ «ሌዘር ከሌላው ይበልጣል» ብሎ በዚህ መማል አይቻልም። በ2021 የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ባይፓስ በተሠራለት ሰው ላይ የሚቻል ከሆነ ግራፍቱን ትቶ የጥንቱን፣ የራሱን የልብ ደም ቅዳ መክፈት ይመረጣል ይላል። ተዘግቶ የቆየን ግራፍትም አትነካኩ ይላል። የአባዬ የራሱ ደም ቅዳ ግን ከ13 ዓመት በላይ የተዘጋ፣ በካልሲየም ድንጋይ የሆነ ነው። በዚያ ሌሊት፣ ልቡ በየደቂቃው እየተጎዳ፣ ያንን እከፍታለሁ ማለት አይታሰብም ነበር። ደረቱን እንደገና መክፈትም ከመጀመሪያው ይልቅ በጣም አደገኛ ነው። ስለዚህ ሌዘሩ ለእሱ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለአንተ አባት ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቀው ፊልሙን ያየው ሐኪም ነው።

ሌዘሩ ያልመለሰው ነገርም አለ። የልቡ የታችኛው ጡንቻ የተወሰነ ክፍል ሞቷል። ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆሞ ያርፋል፣ ድሮ ሁለት ሁለቱን ይዘል ነበር። ያ የጦስኝና የጋቢ ሰዓት ነው ይህን የወሰደው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድመን ብንደውል ኖሮ ሌዘሩም ሐኪሙም ያው ነበሩ፣ የሚያድኑት ጡንቻ ግን ይበዛ ነበር።

ሌላም አለ። ሆስፒታል ሳለን ነርሷ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ስትጠይቅ አባዬ ቀስ ብሎ የኮሌስትሮሉን መድኃኒት ካቆመ አንድ ዓመት ከምናምን እንደሆነው ተናገረ። እኔ አላውቅም ነበር። እማዬም አታውቅም። «ምርመራው ላይ ኮሌስትሮልህ ወርዷል አሉኝ፣ ከወረደ ምን ያደርግልኛል?» ነው የሚለው። የወረደው በመድኃኒቱ ነው። እሱ ግን ዳንኩ ብሎ ተረዳው፣ ወባ እንደታከመ ሰው። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒትና አስፕሪን ባይፓስ የተሠራለት ሰው ዕድሜ ልኩን የሚወስዳቸው ናቸው፣ ሐኪሙ ራሱ ካላስቆመው በቀር፣ ምክንያቱም ያቺ ከእግር የመጣች ደም ሥር በየቀኑ ስብ የሚጠራቀምባት ናት። አልተቆጣሁትም። ማን ቁጭ ብሎ አስረዳው? እኔም አላስረዳሁትም፣ ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር።

አሁን መድኃኒቱን ማታ ማታ ከእራት በኋላ እኔ ፊት ነው የሚወስደው። ሰማያዊው ፋይል ተባዝቷል። አንዱ ቅጂ ስልኬ ውስጥ ነው፣ አንዱ ወንድሜ ጋር፣ አንዱ በትንሹ ተጣጥፎ በአባዬ ቦርሳ ውስጥ። ገጹ ላይ ልጁ ልብ ሥሎለታል። ልጁ ማለት የኔ ልጅ፣ የልጅ ልጁ፣ ግን ልጄ ነው የሚለው። ሦስቱን ግራፍቶች በሦስት ቀለም አሥምሮ፣ የተዘጋችውንና የተከፈተችውን በቀይ፣ ስቴንቱ የገባበትን ቀን ጭምር ጽፎበታል። ሐኪሙ ለቁጥጥር ስንሄድ አይቶት ፎቶ አንስቶ ወደ መዝገቡ አስገባው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ እየጠጣን ነበር። አባዬ ከአንድ ከእሱ በዕድሜ ትንሽ ከሚያንስ ሰውዬ ጋር ያወራል። ሰውየውም ባይፓስ ከተሠራለት ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ «እኔማ ከዳንኩ ቆየሁ፣ ተመስገን» ይላል። አባዬ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የግራ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበውና ከቁርጭምጭሚቱ ሽቅብ የሚሄደውን ረጅም ጠባሳ አሳየው።

«ይህችን አየሃት? ከዚህ ነው የወሰዷት። የአንተስ ከየት ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እኔም ከእግሬ መሰለኝ።»

«ስንት ናቸው?»

ሰውየው አያውቅም።

«ወረቀቱስ የት ነው?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ ጋር ደወለ።